ያቺን ዙርባ ያስገዛሁት እኔ ነኝ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ሱስ ነው። «ኧረ ተወን! ስለ ሱስ ያልተባለ ምን ቀረ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። እኔም ራሴ ጠዋት በትምህርት ቤት ስለ ሱስ ተመክሬ፣ ከሰዓት በኋላ ቅሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልመክራችሁ አልተነሳሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ላወጣው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤታችን ውስጥ የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ። ተከሳሹ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 22፣ ኮሌጅ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ፣ ሲስቅ ቤቱን የሚያስቅ ልጅ ነበር። የእማዬ የጆሮ ወርቅ ጠፍቷል። ከዚያ በፊት የአባባ የእጅ ሰዓት፣ ከዚያም በፊት የእኔ ላፕቶፕ። ሁሉም ያለቁት በጫት ነው። «ጫት ይህን ያህል ያስወጣል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ጫት መቼ ብቻውን ይመጣል! ሲጋራው አለ፣ ሺሻው አለ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲው አለ። በማግሥቱ ጨብሲውን ለመስበር ደግሞ ሌላ በርጫ አለ። ማለቂያ የለውም።

አጎቴ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ፍርዱ አጭር ነበር። «በወርቁ ክሰሱት። ሦስት ወር ታስሮ ይውጣ። ያኔ ጫት የሚባል ነገር ስሙን አይጠራም» አለ።

አባባ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያነሳ «እኔ እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» ብሎ ዘጋው።

እማዬ አለቀሰች። «ልጄ አይደለም ይህን የሚያደርገው፤ መንፈስ ነው። ጸበል ይሂድልኝ» አለች።

እኔስ? እኔ የበኩር ልጅ፣ «ተምሯል፣ ሥራ ይዟል፣ ጫት ትቷል» እየተባልኩ እንደ ምሳሌ የምጠቀሰው፣ ምን አልኩ መሰላችሁ? ምንም! ምላሴ ተቆለፈ። ወንድሜ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ለምን ዝም እንዳልኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ታክሲው ሲቆም

የእማዬ ሐሳብ አሸነፈና ወንድሜ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ካለ ጸበል ሁለት ወር ተቀመጠ። እማዬም አብራው ሄደች። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር አሉ። ቀን ሲደብረውና ሲያንቀላፋ ይውላል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጮኸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ሰው ሆነ። በላ፣ ተኛ፣ ፊቱ ሞላ። በስልክ ሳናግረው «ጋሼ፣ እመነኝ፣ እዚህ ጭራሽ ትዝም አይለኝ!» አለኝ። ማርያምን፣ አመንኩት። እሱም አልዋሸም።

ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ቃመ።

አባባ «አልኳችሁ፤ ወኔ የለውም» አለ። እማዬ «መንፈሱ በር ላይ ጠብቆት ነው» አለች። አጎቴ ስልኩን አነሳ። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለማድረግ ቆረጥኩና ወንድሜን ይዤ ወደ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ሄድኩ። እማዬ «ልጄን እብድ አስባልከው» ብላ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

ሐኪሟ ስለ ወርቁ አልጠየቀችም። ስለ ምክርም አላነሳችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር። «ከጸበል ስትመለስ፣ ታክሲው ሰፈራችሁ ሲቆም ምን አየህ?»

ወንድሜ ትንሽ አሰበ። «ጫት ቤቱን ነው ያየሁት። ዙርባዎቹ በኮባ ቅጠል ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ውኃ ተረጭቶባቸዋል። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ልቤ ድው ድው አለ። ሳልቅም የመረቀንኩ መሰለኝ» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን አዙሮ አለፈ፤ በሦስተኛው ቀን እግሩ ራሱ ወሰደው።

«እግርህ አይደለም» አለችው። «አንጎልህ ነው። ተምሯል።»

የጦጣዋ ጭማቂ

ከዚያ አንድ ነገር ነገረችን። እኔም በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ስለዋልኩበት፣ በገባኝ መጠን ላጫውታችሁ።

በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረ ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ጦጣዎች ላይ ጥናት ያካሂድ ነበር። በአንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩትን ሴሎች በቀጭን ሽቦ ያዳምጣል። ምልክት ይሰጣል፤ ለምሳሌ መብራት ይበራል። ቀጥሎ ለጦጣዋ ጭማቂ ጠብ ይልላታል። መጀመሪያ ላይ ሴሎቹ የሚንጫጩት ጭማቂው አፏ ሲገባ ነበር። ጦጣዋ ነገሩን ከለመደች በኋላ ግን ጭማቂው ሲመጣ ሴሎቹ ምንም አይሉም። ጫጫታው ወደ ምልክቱ ሄደ! ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሴሎቹ ከወትሮው በታች ዝቅ ይላሉ።

ገባችሁ? ዶፓሚን ብዙ ሰው እንደሚለው ዝም ብሎ «የደስታ ቅመም» አይደለም። አንጎል «ይህን ልብ በል፤ ጥሩ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ የሚማርበት ደወል ነው። ይህ ደወል ባይኖር ኖሮ ጠዋት ቡና ሲቆላ ሽታው ባልቀሰቀሰን፣ የምንወደው ሰው ስልክ ሲደውል ልባችን ባልዘለለ። ደወሉ ለደግ የተሰጠ ነው።

ችግሩ ዕፅ ሲመጣ ነው። ጭማቂ ሲለመድ ሴሎቹ ዝም ይላሉ ብያችኋለሁ። ዕፅ ግን በኬሚካል ኃይል በቀጥታ ዶፓሚኑን ይለቀዋል። አንጎልም በየቀኑ «ዛሬም ካሰብኩት በላይ መጣ!» ብሎ ትምህርቱን ይደግማል። ትምህርቱ አያልቅም። የጫትም ነገር እንዲሁ ነው። በጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ አውጥቶታል። ሥራው አምፌታሚን ከሚባለው ዕፅ ጋር ይመሳሰላል፤ ኃይሉ ግን ያንሳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሟሽሻል። ጫት የጫነ መኪና ለምን እንደ እብድ እንደሚበር፣ ዙርባውስ ለምን በቅጠል ታሽጎ ውኃ እንደሚረጭበት አሁን ገባችሁ?

ወንድሜ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁ ቀጠነ። «ዶክተር፣ እኔ ጫትን መውደድ ካቆምኩ እኮ ቆየሁ። አያስደስተኝም። ግን ያምረኛል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ እንደጻፉ ነገረችን። መውደድና ማማር በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሱስ ሲጸና ማማሩ ሲያድግ መውደዱ አብሮት ላያድግ ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። እኛ ቤት «ደስታውን ከእናቱ አስበልጦ» እያልን ስንፈርድበት፣ ልጁ ደስታ የሚባለውን ነገር ካጣው ዓመት አልፎታል።

ፍሬኑስ የት ሄደ?

«ታዲያ አእምሮ ለምን ተሰጠው? እምቢ አይልም?» የአባባ ጥያቄ ይህ ነበር። የሚናቅ ጥያቄም አይደለም።

ከግንባራችን ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል እንደ ፍሬን ነው። «ቆይ፣ ነገ ምን ይሆናል?» የሚለው እሱ ነው። ይህ ክፍል በስሎ የሚያበቃው 25 ዓመት ገደማ ላይ ነው። ቀንደኛው የማማር ደወል ግን በ15 ዓመትም ይጮኻል። ነዳጁ ሙሉ፣ ፍሬኑ ገና የሚገጠም መኪና በሉት። ኖራ ቮልኮው የተባለች ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቿ የሱሰኞችን አንጎል በመሣሪያ ሲመረምሩ፣ ዶፓሚን ተቀባዮቹ አንሰው፣ የዚህ ፍሬን ሥራም ተዳክሞ አግኝተውታል። ስለዚህ ልጁ ፍሬን የለውም ማለት አይደለም፤ አለው። ግን ያረጀ ፍሬን ይዞ ቁልቁለት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም ኃላፊ የነበረው አለን ሌሽነር፣ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሱስ የአንጎል በሽታ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ አገር ሱሰኛን የሚያይበት ዓይን የተለወጠው ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ በኋላ ነው። ሁሉም ግን አልተስማማም። ማርክ ሉዊስ የተባለው፣ ራሱም በወጣትነቱ ሱሰኛ የነበረ የአንጎል ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መጽሐፍ «በሽታ አይደለም፤ በጣም ሥር የሰደደ ትምህርት ነው» ይላል።

ይህ ክርክር የሊቃውንት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ቤት ገብቷል። ወንድሜ አንድ ቀን ቅሞ ሲመጣ ተቆጣሁት። «ምን ላድርግ ጋሼ? አንጎሌ ነው፤ ታምሜያለሁ» አለኝ! እውቀቱን ጋሻ አደረገው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሟ ከሰስኩት። ሳቀች። «የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው በመታመሙ አንወቅሰውም። መርፌውን አልወስድም ካለ ግን እንነግረዋለን። አንተም እንደዚያው ነህ። መታመምህ ጥፋትህ አይደለም፤ መታከም ግን ያንተ ሥራ ነው» አለችው። እሱም ከዚያ በኋላ ያንን ቃል አልደገመውም።

ከቬትናም የተመለሱት

አሁን ወደ ጸበሉ ልመልሳችሁ። ሁለት ወር ያላማረው ልጅ ለምን በሦስት ቀን ተረታ?

በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን ይወስዱ ነበር። መንግሥታቸው «ይህ ሁሉ ሱሰኛ አገር ቤት ሲገባ ምን ሊውጠን ነው?» ብሎ ደነገጠ። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትላ ጠየቀች። ከአምስቱ አንዱ ያህል ቬትናም ሳለ ሱሰኛ እንደነበረ ተናገረ። አገር ቤት ከገቡ በኋላ ግን ከነዚያ ሱሰኞች መካከል በመጀመሪያው ዓመት ተመልሰው ሱስ ውስጥ የወደቁት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን የወደቁት ከመቶ 12 ናቸው። ሰው ማመን አቃተው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ግን ግልጽ ነው። ደወሉ ቬትናም ቀረ። ጫካው፣ ፍርሃቱ፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ፣ እንደ ልብ የሚገኘው ሄሮይን፣ ሁሉም እዚያ ቀረ። አገር ቤት ሚስት አለች፣ ሥራ አለ፣ ሌላ መንገድ አለ።

ወንድሜ የገጠመው የዚህ ግልባጭ ነው። ጸበሉ ዘንድ ደወል የለም። ሰፈር ግን ታክሲው ከሚቆምበት ጀምሮ ሁሉም ነገር ደወል ነው። ጫት ቤቱ ደወል ነው። ስምንት ሰዓት ደወል ነው። የዕጣን ሽታ፣ ኦቾሎኒ፣ ቀዝቃዛ ኮካ፣ ምንጣፍ ላይ የተጣለ ትራስ፣ ሁሉም «ሊመጣ ነው» ይሉታል። የአጎቴም እስር ቤት ቢሆን ያው ነበር። ሦስት ወር ይቆይና መልሶ እዚያው ፌርማታ ላይ ያወርደዋል፤ በዚያ ላይ የእስረኛ ስም ተለጥፎበት፣ ሥራ የሚሰጠው ጠፍቶ። ደግሞስ ቅጣት የሚመልሰው ቢሆን ኖሮ የእማዬ ዕንባ አይመልሰውም ነበር?

ለምን ዝም አልኩ?

ቃሌን ልጠብቅ። ሐኪሟ አንድ ቀን ወንድሜን «ጫትን መጀመሪያ የምታስታውሰው መቼ ነው? መቃሙን አይደለም፤ ጫትን» አለችው።

እሱ አላመነታም። «13 ዓመቴ ነበር። ጋሼ ይልከኝ ነበር» አለ።

እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበርኩ።

ያኔ አዲስ ሥራ የያዝኩ ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጓደኞቼ ይመጡና የእኔ ክፍል በርጫ ቤት ይሆናል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ወንድሜን እጠራና ብር እሰጠዋለሁ። «ሂድና ዙርባ ግዛልኝ። በለጬ በለው። ለጋውን እንዲሰጥህ።» መልሱን ለእሱ እተውለታለሁ። በሩጫ ሄዶ በሩጫ ይመጣል። ሲመጣ «ጎሽ!» እንለዋለን፤ ጓደኞቼ ራሱን ይደባብሱታል። ትንሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጨዋታችንን ይሰማል፤ በሳቃችን ይስቃል። አንድም ቅጠል አላቀመስኩትም። «እኔ እኮ አላቃምኩትም» እያልኩ ኅሊናዬን ዘጠኝ ዓመት ያስተኛሁት በዚህች ነው።

ግን አስቡት። መልሱ የእሱ ነው። ጎሹ የእሱ ነው። የታላቅ ወንድሙ ክፍል፣ የሞቀ ጨዋታ፣ ከትልልቆች እኩል መቀመጥ፣ ሁሉም በዚያች በኮባ በተጠቀለለች ዙርባ በኩል ነው የሚመጣው። ልጁ ገና አንድ ቅጠል አፉ ሳይገባ ምልክቱን ተማረ። ጦጣዋን ያሠለጠነ ሳይንቲስት ነበር። ወንድሜን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

እሱ ይህን ሲናገር በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር። «ያ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ከዱላ የሚብስ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እዚያው ሐኪሟ ፊት እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ታዲያ መንግሥት ምን ያድርግ?

«የቤትህን ጉድ ነገርከን፤ መንግሥት ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። ምልክቱን ሰፈር ውስጥ የሚያስቀምጠውም የሚያነሳውም ሕግ ነውና።

ጫት ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በሐረርጌ ለስንቱ ገበሬ እንጀራ ነው፤ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ለዱዓ ተቀምጠው በልክ ቅመው ወደ ሥራቸው የሚሄዱ አባቶች አሉ። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም። ሳይንሱ ራሱ «ይህን ከልክሉ፣ ያንን ፍቀዱ» ብሎ አይፈርድም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መግባት አያስፈልገውም ብሏል። በብሪታንያም የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት በ2013 መከልከልን አልደገፈም ነበር፤ መንግሥት ግን በሰኔ 2014 ከለከለው። ሁለቱም ያዩት አንድ ቅጠል ነው።

ሳይንሱ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። የምልክትን ኃይል ይነግረናል። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ትዝ ይላችኋል? ቀን ከሌት ቢራ ሲደንስብን የነበረው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ቢራ አልተከለከለም፤ ደወሉ ተነሳ እንጂ። እንግዲያው ጫት ቤት ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቢነሳ፣ ለሕፃን ልጅ ጫት መሸጥ፣ «የተላክሁ ነኝ» ቢልም፣ የማይታለፍ ነውር ቢሆን ምን ይጎድልብናል? ያ ሻጭ «አንተ ልጅ፣ ወንድምህ ራሱ ይምጣ» ብሎ ቢመልሰው ኖሮ ስንት ነገር በቀረ ነበር!

ሁለተኛው ሕክምና ነው። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ መቶ ሺህ ያህል የሄሮይን ተጠቃሚ እንደነበራት ይነገራል። በሐምሌ 2001 ለግል መጠቀሚያ፣ የዐሥር ቀን የማይበልጥ ዕፅ የያዘን ሰው መክሰስ አቆመች። ዕፁ አልተፈቀደም፤ ነጋዴውም አልተማረም። ተጠቃሚው ግን በፍርድ ቤት ፈንታ ሐኪምና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ያሉበት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ለሕክምናም ገንዘብ ተመደበ። በመርፌ በሚወስዱት መካከል አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ በጣም ወረደ። አገሪቱም የተፈራውን ያህል የዕፅ ገነት አልሆነችም። ትምህርቱ «ክሱን ተዉት» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ክሱን ትታችሁ ሐኪሙን አምጡ» ነው። እኛ ዘንድ የሱስ ሕክምና የሚገኝባቸው ቦታዎች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለማሰር ቦታ ይገኛል፤ ለማከም ወረፋ ነው።

ሦስተኛው ስምንት ሰዓት ነው። ሥራ የሌለው ወጣት ከሰዓት በኋላ የት ይዋል? ኳስ ሜዳው በታጠረበት፣ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ሰፈር፣ በርና ትራስ የሚከፍትለት በርጫ ቤቱ ብቻ ነው። የቬትናሙን ወታደር ያዳነው መተው ብቻ አልነበረም፤ የሚመለስበት ነገር ነበረው።

ዛሬ

በተከታዩ እሑድ ሸንጎው እንደገና ሲቀመጥ ቀድሜ ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ከዙርባው እስከ ጎሹ። አጎቴ «አንተ!» ብሎ ቀረ። አባባ ጋዜጣውን አጠፈ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። በመጨረሻ ለወንድሜ «ምሳ በላህ?» አለው። አባባን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። እማዬ ጸበሏን አልተወችም፤ ጠዋት ጠዋት ትረጨዋለች። ሐኪሟም «ይቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ብቻ አያስቀሩበት» ብላታለች።

ወንድሜ አሁን ሌላ ሰፈር አክስቴ ዘንድ ነው የሚኖረው። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ይሠራል፤ ሆን ብለን የመረጥነው ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ። አንዳንዴ «ጋሼ፣ ዛሬ ክፉኛ አምሮኛል» ይለኛል። «ሃያ ደቂቃ አብሬህ ላውራ» እለዋለሁ። ሐራራው እንደ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያልፋል።

አራት ወር ቆይቶ አንድ ቀን ወደቀ። የጓደኛው ሠርግ ላይ። ሁላችንም «አለቀ!» አልን። ሐኪሟ ግን «አራት ወር የተማረው አልጠፋም፤ ከዜሮ አትጀምሩም» አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ቮልኮውና ባልደረቦቿ ሜታምፌታሚን የተባለውን ዕፅ የተዉ ጥቂት ሰዎችን መርምረው ነበር። ከዓመት ያህል በኋላ በዶፓሚን ሥርዓታቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ብዙው አገግሞ አግኝተውታል፤ ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው። ወንድሜ ከሠርጉ ወዲህ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ነገ ምን እንደሚሆን አልምልላችሁም።

እኔ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። መቃም አለመቃማችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ታናሽ ወንድም ካላችሁ ግን፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆሞ ፊት ፊታችሁን የሚያይ፣ ካላችሁት ሁሉ «እሺ» የሚል፣ እባካችሁ አትላኩት። እግራችሁ አልተሰበረም። ራሳችሁ ሂዱ።